አዲስ ነጂና ነባር በአንድ የፎርዊል ጉዞ ላይ እንዴት ይስማማሉ?

ጥያቄ፦ ከአስፋልት ውጪ በፎርዊል መኪና የሚጓዝ ቡድን አስተባብራለሁ። ባለፈው 11 መኪና ሆነን ወጣን፤ አምስቱ ነጂዎች ጭራሽ አዲስ ነበሩ። አንዱ አራት ጊዜ ተቀረቀረና ያሰብነውን መንገድ ግማሹን እንኳ ሳንሄድ መሸ። ሁለት ነባሮች እኩለ ቀን ላይ ተሰላችተው ጥለውን ሄዱ። ከአዲሶቹም ሁለቱ «ሸክም ከምንሆንባችሁ ይቅርብን» አሉኝ። ሁለቱን ወገን ልለያያቸው ወይስ አብሮ ማስኬጃ ዘዴ አለ?

መልስ፦

ጨርሰው አይለያዩዋቸው። ከነባር ጋር ያልወጣ አዲስ ነጂ ስህተቱን ብቻውን ሆኖ ይማራል፤ ያ ደግሞ መኪናም ሰውም ይጎዳል። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዳገት ላይ ማስደሰት አይቻልም። እኔ የምሠራበት ሐሳብ ይህ ነው፦ መንገዱ በአዲሱ ነጂና በደካማው መኪና ልክ ይመረጣል፣ ሥራው ደግሞ ለነባሩ ይከፋፈላል። ነባር ሰው ያለ ሥራ ቀላል መንገድ ላይ ሲነዳ ይሰላቻል። የሚጠብቀው ሰው፣ ሌላውን የሚመራበት ገደል፣ የሚያስረው ገመድ ሲኖረው ግን ያው ቀላል መንገድ ቀኑን ሙሉ ይይዘዋል። የእርስዎ ጉዞ የተበላሸው ያ መኪና ሲቀረቀር ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ የተጓዦቹ ዝርዝር ሲወጣ ይመስለኛል።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው። አንድ አስቸጋሪ ቦታ ላይ እያንዳንዱ መኪና 4 ደቂቃ ቢወስድ፣ ማንም ሳይቀረቀር 11 መኪና ለማለፍ 44 ደቂቃ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ቦታ በቀን አምስት ቢያጋጥም ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋው ቆሞ በመጠበቅ ያልቃል። አንድ የተቀረቀረ መኪና በጥንቃቄ ሲወጣ ደግሞ አካፋው ወርዶ፣ ገመዱ ታስሮ፣ ሰው ርቆ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ እስኪጫን 20 ደቂቃ በቀላሉ ይሄዳል። ሰዎችዎ ክፉ ሆነው አልሄዱም፤ ቀኑ ሲጀመርም አይበቃም ነበር።

ስለዚህ አዲስ ነጂ ያለበትን ጉዞ ከ8 መኪና አላስበልጥም፣ ከ8ቱም አዲሶቹ ከ3 አይበልጡም። የትም ተጽፎ ያገኘሁት ሕግ አይደለም፤ በልምድ የያዝኩት ልክ ነው። ሦስት አዲስ፣ ለእያንዳንዳቸው በስም የተመደበ አንድ ነባር፣ አንድ መሪ፣ አንድ የኋላ ጠባቂ። አምስት አዲስ ሰው ከመጣ ሁለቱ ለሚቀጥለው ይቆዩ፤ ወይም ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ የራሱ መሪና የራሱ ኋላ ጠባቂ ይኑረውና በግማሽ ሰዓት ልዩነት ይነሳ። «ቦታ ሞልቷል» ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አራት ጊዜ ተጎትቶ አፍሮ የተመለሰ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ጠብቆ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

«አዲስ» የምንለው ማን እንደሆነም ግልጽ መሆን አለበት። አሸዋ ላይ አምስት ዓመት የነዳ ሰው ጭቃ ላይ አዲስ ነው። ውድ መኪና ገዝቶ ሎው (ለአስቸጋሪ ቦታ የሚገባው ዝቅተኛ ማርሽ) የገባበትን ቀን የማያስታውስም አለ፤ ይህ ሰው «ልምድ አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ቅር ሳይለው «አዎ» ይላል። የሚያሳፍር ሳይሆን ቁርጥ መልስ ያለው ጥያቄ ይጠይቁ። የጎማ ንፋስ ቀንሰው ያውቃሉ? ስንት ድረስ? መኪናዎ ከፊትና ከኋላ ትክክለኛ ጋንቾ አለው? የት ጋ ነው? ተጎትተው ወይም ጎትተው ያውቃሉ? በእነዚህ መልሶች የሰውየውን ደረጃ በሁለት ደቂቃ ያገኙታል። መኪናውንም አይርሱ። ሱዙኪ ጂምኒና ትልቁ ላንድክሩዘር በአንድ ሰልፍ ሲሄዱ አንዱ 1.1 ቶን ገደማ፣ ሌላው ከ2.4 ቶን በላይ ነው፤ የፊትና የኋላ ጎማው ርቀት በጂምኒው 2.25 ሜትር፣ በላንድክሩዘሩ 2.85 ሜትር ነው። አንዱን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ቦይ ሌላውን ሆዱ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «እኔ እንዳለፍኩ ተከተለኝ» የሚለው ምክር መኪናዎቹ ሲመሳሰሉ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጥሪው ላይ እውነቱ ይጻፍ። «ቀላል መንገድ ነው» የሚለው ነባሩ ነው፤ ለእሱ ቀላል ነው። ከዚያ ይልቅ ረጅሙ ዳገት ምን ያህል እንደሆነ፣ ድንጋይ ይሁን አሸዋ፣ ውሃው ባለፈው ጉልበት ወይስ ጭን ድረስ እንደነበር፣ የከበደው ቦታ ማምለጫ መንገድ እንዳለው፣ አስፋልት ላይ በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ይጻፍ። ይህን ያነበበ አዲስ ነጂ ራሱን ይመዝናል። ነባሩም ወደ ምን ዓይነት ቀን እንደሚመጣ አውቆ ይመጣል ወይም ይቀራል፤ አውቆ የቀረ ሰው እኩለ ቀን ላይ ጥሎ አይሄድም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ከአስፋልት ከተወረደ በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት። ብዙ ቡድን ይቺን ሰዓት ይዘላታል፤ ነባሩ የአራቱን ጎማ ንፋስ ጨርሶ መሪው ላይ እጁን አድርጎ ሲጠብቅ አዲሱ ገና የቫልቩን ክዳን የት እንዳስቀመጠ ይፈልጋል። እኔ እዚህ ጋ ሞተር ሁሉ እንዲጠፋ አደርጋለሁ። ነባሩ ከተመደበለት አዲስ ነጂ ጎን ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ጎማ እሱ ያሳየዋል፣ ሦስቱን አዲሱ ራሱ ይሠራል። ፉጨቱ ይሰማል፣ መለኪያው ከ35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) ወደ 18 ሲወርድ ይታያል፣ ጎማው መሬት ላይ የሚያርፍበት ቦታ ሲረዝም በዓይን ይለያል። «ለምን 10 አናደርገውም?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ከ15 በታች በወረደ ቁጥር፣ በተለይ መሪ ሲዞር፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ እንደሚችል የሚነገረው ያኔ ነው፤ በጽሑፍ ከላኩለት አያስታውሰውም፣ እጁ ቫልቩ ላይ ሳለ ከነገሩት ግን አይረሳውም። ከዚያ ሎው ማስገባት፣ ዲፍረንሻሉን ማሰርና መፍታት (ሲታሰር የግራና የቀኝ ጎማ እኩል ይዞራሉ)፣ አውራ ጣትን ከመሪው ውስጥ አውጥቶ መያዝ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ይሽከረከራል፤ ዘመናዊው የመሪ አሠራር ምቱን ቢቀንሰውም ጣት መስበሩ አሁንም አለ።

ቀጥሎ ትንሽ ዳገት ይፈለጋል፤ አሥር ሜትር ይበቃል። አዲሶቹ መሃል ላይ ሆን ብለው ይቆማሉ፣ ከዚያ በሪቨርስ ሎው፣ ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቀው፣ ሞተሩ እየያዛቸው ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይወርዳሉ። ዳገት ሲያቅት የሚደረገውን ከመቸገራቸው በፊት አደረጉት ማለት ነው። ለእርስዎ ደግሞ ይህቺ ዳገት ሁሉንም ታሳያለች፦ ማን ይደነግጣል፣ ማን ሲነገረው ይሰማል፣ ማን ነዳጅ ብቻ ይረግጣል። ከዚህ በኋላ የዕለቱን መንገድ ለመቀየር ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ከዚህች ልምምድ በኋላ ያሰብነውን ሸለቆ ትተን ሌላ መንገድ ያዝን፤ ነባሮቹ ምክንያቱን በዓይናቸው ስላዩ አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ሰልፉ እንዴት ይሁን? ደካማው ነጂ ሁለተኛ ይሁን። ብዙዎች «እንዳያዘገየን» ብለው ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ትልቅ ስህተት ነው። ጭቃ ወይም ልል ዳገት ስምንት መኪና ካለፈበት በኋላ ሌላ መሬት ነው፦ ጎማ ቆፍሮታል፣ ድንጋዩ ተፈንቅሏል። የሁሉንም ትራፊ ለአዲሱ እየሰጠን ለምን ተቀረቀረ እንላለን። ሁለተኛ ሲሆን መሪው በስፖኪዮ ያየዋል፣ ፍጥነቱን በእሱ ልክ ያደርጋል፣ አዲሱም መሪው ጎማውን የት እንዳሳረፈ ከቅርብ ያያል። ሁለት አዲስ ነጂ ተከታትሎ አይሄድም፤ በመካከላቸው የተመደበላቸው ነባር ይገባል። መጨረሻ ላይ የሚሆነው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ማውጣት የሚችለው ነው፤ ገመዱ፣ አካፋው፣ ኮምፕሬሰሩ እሱ ጋ ይጫናል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሁለት ጎበዝ ሰው ካለዎት የበለጠውን ኋላ ያድርጉት።

እያንዳንዱ ነጂ ኃላፊነቱ ከኋላው ላለው አንድ መኪና ነው። መታጠፊያ ላይ ኋለኛው ፍሬቻውን እስኪያይ ይቆማል፤ ከስፖኪዮ ከጠፋ ያዘገማል፣ ካልመጣ በሬዲዮ ይናገራል። የአሸዋ ክምር ወይም ጫፉ የማይታይ ዳገት ላይ ግን የፊተኛው «አልፌ ለቅቄያለሁ» እስኪል ማንም አይነሳም። እዚህ ላይ ነባሮችን ነው በብርቱ የማስጠነቅቀው፤ አዲሱ ፈርቶ ይጠብቃል፣ ነባሩ ነው የሚቸኩለው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርዎ። አንዲት አዲስ ነጂ በማኑዋል ሂሉክስ ልል ድንጋይ ያለበት ዳገት ሁለት ሦስተኛውን ወጥታ ሞተሩ ጠፋባት። ቀኝ የቆመው «ወደ ቀኝ!» ይላል፣ ከላይ ያለው ሁለት እጁን እያወዛወዘ «ነይ ነይ» ይላል፣ ሦስተኛው በሬዲዮ «ነዳጅ ስጪው» ይላል። ሦስቱም ጎበዝ ነጂዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የተናገረውም ለብቻው ቢሰማ ስህተት አልነበረም። እሷ ፍሪሲዮኑን ረግጣ መሪውን አዞረች፣ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ በአግድም ቆመ፣ ከላይ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሳ። በመስኮቱ እጆቿ ይታዩኝ ነበር፤ መሪውን ከመጨበጧ የተነሳ አንጓዎቿ ነጭተዋል። ሌሎቹን ዝም በሉ አልኩና ከታች በኩል ሳይሆን ከፊት ለፊቷ፣ እኔን ብቻ የምታይበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። «እህቴ፣ ፍሬኑን ብቻ ያዢ። ሌላ ምንም አታድርጊ» አልኳት። ተነፈሰች። ላይኛው በኩል ባለ ዛፍ መኪናውን በገመድ አሰርነው፣ ከዚያ መሪውን ቀስ በቀስ አስተካክላ በሪቨርስ ሎው ወረደች። ያን ቀን ከተፈጠረው ሁሉ የሚበልጠው ጥፋት የእኛ ነበር፤ የሷ ልምድ ማነስ ሁለተኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ አስቸጋሪ ቦታ ላይ የሚመራው አንድ ሰው ነው። ስሙ ቀድሞ ይነገራል፣ ነጂውና እሱ የእጅ ምልክቱን ከመነሳታቸው በፊት ይስማማሉ፤ ሁለት መዳፍ ወደ ፊት ሲዘረጋ ቁም ነው። ማንም ሰው ሊያስቆም ይችላል፣ ሊመራ የሚችለው ግን ያ አንዱ ነው። ለነባር ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ግሩም ነጂ ሆኖ መምራት የማይችል ብዙ ሰው አለ፤ የራሱን ጎማ በስሜት ያውቀዋል፣ የሌላውን ግን በቃል ማዞር ሌላ ችሎታ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከአዲስ ጋር አያጣምሩት። ቀድሞ ሄዶ መንገድ እንዲያይ፣ ውሃውን በእግሩ ገብቶ እንዲለካ ያድርጉት፤ ደስ ብሎት ይሠራዋል።

አዲሱ ነጂ «ይህን አልሞክርም» ሲል ምንም ሊከፍል አይገባም። ከማምለጫው መንገድ ዞሮ ይምጣ፤ ወይም መኪናውን አቁሞ ያንን ቦታ ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ይለፈው። ጎን ተቀምጦ ማለፍ ከሚታሰበው በላይ ያስተምራል፤ ነዳጁ ምን ያህል በትንሹ እንደሚረገጥ የሚታወቀው እዚያ ነው። ነባሩ «ውረድ፣ እኔ ላሳልፍልህ» ብሎ የሰውን መሪ መያዝ ግን፣ ባለቤቱ ራሱ ካልጠየቀ፣ አልወድም። መኪናው ያልፋል፣ ሰውየው ግን ወዲያ ማዶ ቆሞ ይቀራል።

ማውጣቱን በተመለከተ፣ ትዕግስት ያለቀበት ነባር አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን አካፋ ይተውና «ገመድ አምጡ፣ አንዴ ነጭቄ ላውጣው» ይላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው፤ በ10 ኪሎሜትር ያልወጣን መኪና በ20 መንጨቅ ጥቂት መጨመር አይደለም። ተጎታች የሚታሰርበት ሉል ብረት ላይ ገመድ በፍጹም አይታሰርም፤ ተሰብሮ እንደ ጥይት ሲወረወር ሰው ገድሏል። የሚለጠጠው የናይለን ገመድም የራሱ ልክ አለው። የመበጠሻ አቅሙ ከሁለቱ መኪኖች ቀላሉ ከነጭነቱ ከሚመዝነው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ቢሆን ነው የሚመከረው። ለከባድ መኪና የተሠራው ገመድ ለጂምኒ ሲታሰር በቂ አይለጠጥም፣ ምቱን ሁሉ ለጋንቾውና ለሻንሲው ይሰጠዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ይሁን፦ መጀመሪያ የጎማ ንፋስ እንደገና ይታይ፣ ከዚያ ይቆፈር፣ ጎማ ስር የሚገባው ሰሌዳ ይግባ፣ ገመድና ዊንች (መኪናው ላይ ያለው ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ) ከዚያ በኋላ። ገመድ ሲወጠር ማንም ሰው ከገመዱ ርዝመት አንድ እጥፍ ተኩል ሳይርቅ አይቆምም። ቆፋሪው ራሱ የተቀረቀረው ይሁን፣ ነባሩ አብሮት ይቆፍር፤ ሌሎቹ ወደ መኪናቸው ተመልሰው ይረፉ። አሥር ሰው ከብቦ ሲያይ አዲሱ የሚማረው ማፈርን ነው።

ያ አራት ጊዜ የተቀረቀረው ሰው ምክንያቱ አንድ ዓይነት ነበር ወይስ የተለያየ? ይህን አስታውሰው ይመልሱልኝ። አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ንፋሱ ሳይቀንስ ቀርቷል ወይም መሃል ላይ ነዳጅ እየለቀቀ ይቆማል፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ሰው አብሮት ተቀምጦ ቢሆን ሦስተኛው አይመጣም ነበር። የተለያየ ከሆነ ግን መንገዱ ለእሱ አልነበረም። ለራሴ የያዝኩት ልክ ሁለት ነው፦ አንድ ነጂ ሁለት ጊዜ ከተጎተተ ቆመን መንገዱን እንደገና እናስባለን።

ስለ ነባሮቹ መሰላቸት ደግሞ በቅንነት ልናገር፤ ይገባቸዋል። ወራት ጠብቀው፣ መኪናቸውን አዘጋጅተው የመጡ ሰዎች ናቸው። የእነሱም ሰዓት ይኑር። አዲሶቹ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ላይ ከአንድ ነባርና ከኋላ ጠባቂው ጋር ወደ አስፋልት ይመለሱና የቀሩት ቢያንስ ሦስት መኪና ሆነው ከባዱን መንገድ ይቀጥሉ። ወይም ከሦስት ጉዞ አንዱ የነባሮች ብቻ ይሁን፣ ያለ ይሉኝታ። የማስተማሩም ሸክም በተራ ይሁን፤ ደግ የሆነው ሰው ሁልጊዜ አዲስ የሚመደብለት ከሆነ በዓመቱ እሱንም ያጡታል።

ጥለው የሄዱትን ሁለቱን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። መሰላቸታቸውን ይቀበሉ፤ ሳይናገሩ ከሰልፍ መውጣታቸውን ግን አይለፉት፤ ከፊታቸው ያለው ሰው ከስፖኪዮው የጠፋ መኪና ፍለጋ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ አደጋ ሊገባ ይችላል። ለሁለቱ አዲሶች ደግሞ ይደውሉ፣ «አትፍሩ» ለማለት ሳይሆን መንገዱን የመረጡት እርስዎ እንደነበሩና ከልካቸው በላይ እንደነበር ለመንገር። ከዚያ 6 መኪና ብቻ ያለበት አጭር ጉዞ ያውጡ፤ እነዚህ ሁለቱ አዲሶች፣ ከሄዱት ነባሮች አንዱ ለአንዷ ወይም ለአንዱ ተመድቦ። ጥሪውን ከመላክዎ በፊት ግን ኋላ የሚሆነውን ሰው ስም መጀመሪያ ይጻፉ፤ እሱ ካልተገኘ ቀኑን ያዛውሩት።